ለሁለተኛ ጊዜ ጠጥቶ የተያዘ ሹፌር፦ ሕጉ የሚለውና ተከሳሹ የሚከራከርበት



ዛሬ ስለ መጠጥ ክፋት ልሰብካችሁ አልቆምኩም። እሱን የንስሐ አባቶቻችሁም ሚስቶቻችሁም ከእኔ አብልጠው ነግረዋችኋል። ሥራዬ ጥብቅና ነውና የማወራው ስለ መዝገብ ነው። ጠጥቶ ሲነዳ አንድ ቀን ተይዞ ቅጣቱን ከፍሎ የሄደ ሹፌር፣ ለሁለተኛ ጊዜ ሲያዝ ምን ይገጥመዋል? ዓቃቤ ሕጉ ምን ይዞበት ይመጣል? ተከሳሹስ የሚያዋጣው መከራከሪያ የትኛው ነው?

ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገረው። የወንጀል ሕጋችን «ለሁለተኛ ጊዜ ጠጥቶ የነዳ እንዲህ ይቀጣ» የሚል ለብቻው የቆመ አንቀጽ የለውም። ይህን የሰሙ አንዳንድ ሹፌሮች ደስ ይላቸዋል፤ «እንግዲያው ሁለተኛውም እንደ መጀመሪያው ነው» ይላሉ። ተሳስተዋል። የመጀመሪያው መዝገብ አንድ ነገር ይወስድባችኋል፤ «አላወቅሁም፣ እዚህ ይደርሳል ብዬ አላሰብሁም» የምትሉበትን አፍ። ሰው በሞተበት ወይም አካሉ በጎደለበት ክስ ውስጥ ደግሞ የቅጣቱ ልክ የሚወሰነው በአብዛኛው በዚሁ ጥያቄ ላይ ነው፤ ሰውየው ምን ያውቅ ነበር?

ይህን ነገር ቡሬ ላይ ቆሞ መናገር የተለየ ክብደት አለው። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ፣ በደምበጫና በፍኖተ ሰላም አድርጎ የመጣው መንገድ እዚህ ነው ለሁለት የሚከፈለው፤ አንዱ በእንጅባራ ወደ ባሕር ዳር፣ ሌላው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ። የመገናኛ ከተማ የሹፌር ማደሪያ ናት። የዘይት ፋብሪካው በ2013 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ፣ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩም ከተገነባ በኋላ፣ እህል የጫነው ተሳቢ ሁሉ ጉዞው እዚህ ያበቃል ወይም እዚህ ያድራል። ማታ ሹፌሩ ቁርጡን በልቶ፣ አረቄውን ቀምሶ ይተኛል፤ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ሞተር ያስነሳል። በዚያው ሰዓት የገጠሩ ሰው አህያውን እየነዳ በአስፋልቱ ጠርዝ ወደ ገበያ ይገባል።

እስቲ ከደንቡ እንጀምር። ጠጥቶ ማሽከርከር ምንም አደጋ ባይደርስ እንኳ በራሱ ጥፋት ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ጣሪያውን በአንድ ሊትር ደም ውስጥ 0.8 ግራም አልኮል ላይ አስቀምጦት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከዚህ ያነሰ ነው፤ ለማንኛውም አሽከርካሪ 0.5፣ ለጀማሪ ደግሞ 0.2 ግራም። እኔም እንደ ጠበቃ ሳይሆን እንደ መንገድ ተጠቃሚ ብትጠይቁኝ 0.8 ለሕዝብ ማመላለሻ ሹፌር ብዙ ነው እላለሁ።

የገንዘብ ቅጣቱን መጠን ለመሸምደድ አትድከሙ፤ በየጊዜው ይቀያየራል፣ ሲቀያየርም ወደ ላይ ነው። ልብ የምትሉት ሌላውን ነው። ደንቡ ከገንዘቡ ጎን የጥፋት ነጥብ ያስመዘግባል፤ ነጥቡ ሲጠራቀም መንጃ ፈቃድ ይታገዳል፣ ከዚያም ካለፈ ይሰረዛል። ፈቃዱ ታግዶበት እያለ «ይቺን ጭነት ብቻ ላድርስ» ብሎ መሪ የጨበጠ ሰው ሌላ ክስ በራሱ ላይ ጨመረ። ብዙ ሹፌር ቅጣቱን ባንክ ሄዶ ከፍሎ ደረሰኙን ኪሱ ሲከት ጉዳዩ የተዘጋ ይመስለዋል። ገንዘቡ ነው የተከፈለው፤ ታሪኩ ግን በስሙ ተቀምጧል።

0.8 ግራም በመለኪያ ስንት ነው? ይህን በደንብ እንየው፤ «ሁለት ብቻ ነው የጠጣሁት» የማይል ተከሳሽ አልገጠመኝምና። 330 ሚሊ ሊትር የምትይዝ አንዲት ጠርሙስ ቢራ 5 በመቶ አልኮል ካላት፣ ውስጧ ወደ 13 ግራም ንጹሕ አልኮል አለ። 40 በመቶ የሆነ አረቄ በ40 ሚሊ ሊትር መለኪያ ቢቀዳ ያንኑ 13 ግራም ይይዛል። 60 ኪሎ የሚመዝን ወንድ በእያንዳንዷ መጠጥ ደሙ ውስጥ በሊትር 0.3 ግራም ገደማ ይጨምራል። በባዶ ሆዱ ሦስቱን ባከታተለ ጊዜ ጣሪያውን አልፏል። ይህም መጠኑ የታወቀ መጠጥ ሲሆን ነው። በየቤቱ የሚወጣው የዳጉሳ አረቄ ላይ ማንም በመቶኛ አይጽፍም፤ የአንዷ እመቤት መለኪያ የሌላዋን አንድ ተኩል ሊሆን ይችላል። ጠላውም እንዲሁ ነው፤ ጉሹና የተጣራው አንድ አይደሉም።

ከዚያ ደግሞ የማለዳው ሹፌር አለ። ሰውነት አልኮልን የሚያስወግደው በሰዓት ከ0.1 እስከ 0.2 ግራም ያህል ነው። ቡና አያፈጥነውም፣ ቀዝቃዛ ውኃ መታጠብም አያፈጥነውም፣ ጥሬ ሥጋም አያፈጥነውም። ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ስምንት መለኪያ የጠጣው የ60 ኪሎ ሰው አምስት ሰዓት ተኝቶ 11 ሰዓት ላይ ሲነሳ ደሙ ውስጥ በሊትር ከ1 ግራም በላይ ሊቀር ይችላል። ፊቱን ታጥቧል፣ ጸሎቱን አድርሷል፣ ራሱን ጤነኛ አድርጎ ያያል። በሕጉ ዓይን ግን ጠጥቶ እየነዳ ነው። ለሁለተኛ ጊዜ የሚያዙት ደግሞ አብዛኞቹ እንደዚህ ያሉት ናቸው ብዬ እገምታለሁ፤ ማታውን የሚጠነቀቁ፣ ጠዋቱን የማይቆጥሩ።

አሁን ወደ ከባዱ እንግባ። አደጋ ደርሶ ሰው ሲሞት ነገሩ ከትራፊክ ደንብ ይወጣና ወደ 1996ቱ የወንጀል ሕግ ይሄዳል። አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን በሦስት ደረጃ ያስቀምጠዋል። ተራው ቸልተኝነት ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው። የሰውን ሕይወትና ደኅንነት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው፣ ሕጉ ራሱ ሐኪምንና ሹፌርን በምሳሌነት ያነሳል፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራትና መቀጮ ይጠብቀዋል። ሦስተኛው ንዑስ አንቀጽ ግን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያመጣል፤ ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጮ ጋር። ወደዚያ የሚያስገቡት በሮች ሦስት ናቸው። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰው መግደል አንዱ ነው። ሰው ሊሞት እንደሚችል እየታየ ግልጽ ደንብን ሆን ብሎ መጣስ ሌላው ነው። ሦስተኛው በመጠጥ ወይም በዕፅ ራስን ኃላፊነት ወደማይሰማበት ሁኔታ ማስገባት ነው።

ልብ በሉልኝ፤ የሰከረ ሹፌር በሁለቱ በሮች ሊገባ ይችላል። በሁለተኛው በር ለማስገባት ዓቃቤ ሕጉ «ደንቡን ሆን ብሎ ነው የጣሰው» የሚለውን ማሳየት አለበት። ከዚህ በፊት በዚሁ ጥፋት ተቀጥቶ የፈረመበት ወረቀት ካለ ይህን ለማሳየት ብዙ አይደክምም። ክሱ ወደ ሦስተኛው ንዑስ አንቀጽ ሲወጣ ደግሞ የዋስትናውም ነገር ይለወጣል። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 63 መሠረት 15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ሰው ሲሞት ዋስትና ሊከለከል ይችላል። ስለዚህ ሰውየው ጥፋተኛ ሳይባል ገና የክርክሩን ጊዜ በማረፊያ ቤት ሊያሳልፍ ነው።

ከዚህም የሚብስ አለ። አንቀጽ 58 ስለ ሐሳብ ይናገራል። ውጤቱ ሊመጣ እንደሚችል እያወቀ «ይምጣ» ብሎ የሠራ ሰው ቸልተኛ አይባልም፤ አስቦ እንዳደረገ ይቆጠራል። ዓቃቤ ሕግ የተደጋገመ መዝገብ ይዞ በዚህ ቢሞግትና ቢሳካለት፣ ጉዳዩ ወደ አንቀጽ 540 ተራ የሰው ግድያ ይዞራል፤ ቅጣቱም ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። እኔ በዚህ ላይ ጠንካራ አቋም አለኝ። ጠጥቶ መንዳት አደገኛ ነው፣ መደጋገሙም አስቆጪ ነው፤ ቢሆንም «ሰው ቢሞትም ይሙት» ብሎ የተነሳ ሹፌር እምብዛም ነው። ሰካራሙ ሹፌር ራሱም እዚያው መኪና ውስጥ ነው፤ ገደሉ ለእሱም ገደል ነው። ይህ ራሱ «ውጤቱን አልተቀበለውም» ለማለት የሚያስችል ጥሩ መከራከሪያ ነው።

«ሰክሬ ነበር፣ ራሴን አላውቅም ነበር» የሚባለውስ? ሕጉ ይህን በር በአንቀጽ 50 ዘግቶታል። ወንጀል ለመፈጸም ሆን ብሎ የሰከረ ከኃላፊነት አያመልጥም። ሳያስበው ግን በራሱ ጥፋት የሰከረና አደጋ ሊያደርስ እንደሚችል ማወቅ የነበረበት ሰው በቸልተኝነት ሕግ ይዳኛል። ሹፌር ደግሞ፣ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ እያለ ሲጠጣ፣ ማወቅ አልነበረበትም ብሎ ማንን ያሳምናል? ሰርግ ላይ «በሞቴ አንዲት ብቻ» ብለው ቢያስቸግሩትም ያው ነው። አስገድደው አላንቆረቆሩበትም።

አንድ ነገር ግን ለተከሳሽ ወገን ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ያምታታዋል። በየመሥሪያ ቤቱ «ደጋጋሚ» የሚለው ቃል እንደ ልብ ይወረወራል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 67 ትርጉም ግን ደጋጋሚ ወንጀለኛ ለመባል፣ የቀድሞው ቅጣት በተፈጸመ በ5 ዓመት ውስጥ የተሠራው አዲስ ወንጀል አስቦ የተፈጸመና ዝቅተኛ ቅጣቱ ቢያንስ 6 ወር እስራት የሆነ መሆን አለበት። በቸልተኝነት የተከሰሰ ሹፌር የቱንም ያህል የትራፊክ ወረቀት ቢኖረው በዚህ ትርጉም አይገባም። ዓቃቤ ሕግ «ደጋጋሚ ስለሆነ ቅጣቱ ይክበድ» ብሎ ሲጠይቅ ጠበቃው ተነስቶ «በየትኛው አንቀጽ?» ማለት አለበት። ዝም ከተባለ ያልፋል።

ዝም ባይባልም ግን የቀድሞው መዝገብ ከንቱ አይሆንም። ቅጣት ሲለካ አንቀጽ 82 ከሚዘረዝራቸው ማቅለያዎች ቀዳሚው የተከሳሹ የቀድሞ መልካም ጠባይ ነው። «ሃያ ዓመት ስነዳ አንድም ቀን ተከስሼ አላውቅም» የሚል ሰው ፍርድ ቤቱ ፊት የሚከበር ቃል ይናገራል። ሁለተኛ የተያዘው ይህን ቃል አጥቶታል። በገደብ የመለቀቅ ተስፋውም ይመነምናል፤ ዳኛው ገደብ የሚሰጠው «ከእንግዲህ አይደግምም» ብሎ ሲያምን ነውና። አስቀድሞ በገደብ ላይ ከነበረ ደግሞ የቆመው ቅጣት ተመልሶ ሊመጣበት ይችላል።

እንግዲህ ወደ መከራከሪያው። ለእኔ ትልቁ ነገር ማስረጃው ነው። አዲስ አበባ ላይ ትራፊክ ፖሊስ የትንፋሽ መለኪያ መያዝ ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። በየወረዳው ግን ብዙ ጊዜ «ጠጥቷል» የሚለው የሚረጋገጠው በትንፋሽ ሽታ፣ በአነጋገርና በአረማመድ ነው፤ ምስክሮቹም የተሰበሰበው ሰውና ፖሊሱ ናቸው። ሽታ መጠጣትን ያሳያል፤ ምን ያህል እንደተጠጣ አያሳይም። አደጋ የደረሰበት ሰው ይንገዳገዳል፣ ይንተባተባል፤ ጭንቅላቱን የተመታ ደግሞ ጭራሽ ሰካራም ይመስላል። ሦስተኛው ንዑስ አንቀጽ የሚጠይቀው «ቀምሶ ነበር» የሚል ምስክር አይደለም፤ ኃላፊነት ወደማይሰማበት ሁኔታ መግባቱን ነው። በሁለት ቢራና በዚያ ሁኔታ መካከል ሰፊ ሜዳ አለ። የመከላከያ ጠበቃ መቆም ያለበትም እዚያ ሜዳ ላይ ነው። ክሱን ከሦስተኛው ወደ ሁለተኛው ንዑስ አንቀጽ ማውረድ ማለት ከ15 ዓመት ጣሪያ ወደ 5 ዓመት ጣሪያ መውረድ ነውና እንደ ነጻ መውጣት ባይሆንም የሰው ዕድሜ ነው።

መለኪያ ወይም የደም ምርመራ ካለ ሰዓቱን ጠይቁ። አደጋው ስንት ሰዓት ላይ ደረሰ፣ ናሙናው ስንት ሰዓት ላይ ተወሰደ፣ ማን ወሰደው፣ የማን ስም ተጻፈበት? ከሦስት ሰዓት በኋላ የተወሰደ ደም ያነሰ ያሳያል፤ ይህ ለተከሳሽ ይመቻል፤ ዓቃቤ ሕጉ ግን ወደ ኋላ አስልቶ መሞገት ይችላል። «ደንግጬ ከአደጋው በኋላ ነው የጠጣሁት» የሚል መከራከሪያም አለ። እውነት ከሆነ ያጠጣው ሰውና የጠጣበት ቤት ይቅረቡ። እውነት ካልሆነ አትጀምሩት፤ ዳኞች ይህን ተረት ሰምተው ጠግበዋል።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር የአደጋው ቦታ ፕላን ነው። ትራፊክ ፖሊሱ ሜትሩን ዘርግቶ የአስፋልቱን ስፋት ይለካል፣ የጎማው ጥቁር መስመር ከየት ጀምሮ የት እንዳቆመ ይመዘግባል፣ የተሰበረው መስታወት፣ የወደቀው ነጠላ ጫማ፣ የመጀመሪያው የደም ጠብታ የት እንዳለ ያስቀምጣል። ይህ አንድ ገጽ ወረቀት ከአሥር ምስክር ይበልጣል። በደረቅ አስፋልት ላይ አንዲት አነስተኛ መኪና 20 ሜትር ያህል ጎማዋን ጎትታ ከቆመች ፍጥነቷ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር ማለት ነው፤ 45 ሜትር ከጎተተች ወደ 90 ይጠጋል። የተጫነ ሲኖትራክ ሌላ ስሌት አለው። መስመሩ ጭራሹን ከሌለ ሹፌሩ ሰውየውን አላየውም ወይም ፍሬኑ አልያዘም፤ የትኛው እንደሆነ ደግሞ የመኪናው ምርመራ ይናገራል። ስለዚህ መኪናው ሳይመረመር ወደ ጋራዥ እንዳይገባ፣ ተከሳሹም ቢሆን፣ መጮህ አለበት።

ፕላኑ ለምን ይጠቅማል? ወንጀል በምክንያትና በውጤት ይታሰራል፤ አንቀጽ 24 ይህን ይላል። ሹፌሩ ጠጥቷል እንበል። የገበያ ቀን ማታ፣ መንገድ ዳር ከቆመ አይሱዙ ኋላ አንድ ሰው ድንገት ወደ አስፋልቱ ዘለቀ። በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ በራሱ መስመር፣ መብራት አብርቶ የሚሄድ ሹፌር ውኃ ብቻ ጠጥቶ ቢሆን እንኳ ማቆም ይችል ነበር? ባይችል ኖሮ ሞቱን ያመጣው መጠጡ ነው ለማለት ይከብዳል። ጠጥቶ በመንዳቱ በደንቡ ይቀጣ፤ የሰው ሕይወት ግን ያለ በቂ ምክንያት ጫንቃው ላይ አይጫንበት። እግረኛውም ጠጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ከተዝካርና ከማኅበር የሚመለስ ስንት ሰው በአስፋልቱ መሐል ይሄዳል። የሟችን ቤተሰብ እንዳያሳዝን ተብሎ ይህ ሳይነሳ የሚቀርበት ጊዜ አለ። በአክብሮት መነሳት አለበት።

የተያዘ ሰው ደግሞ መብቱን ይወቅ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 መሠረት ዝም የማለት መብት አለው፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ እንዲያምን ሊገደድ አይችልም። አንቀጽ 20 ጥፋተኛ እስኪባል ንጹሕ ሆኖ የመገመትና በጠበቃ የመወከል መብት ይሰጠዋል፤ አቅም ከሌለውና ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ያቆምለታል። ያላነበባችሁትን ቃል አትፈርሙ። ማንበብ የማይችል ጮክ ብለው ያንብቡለት።

መከራከሪያ የሚመስል፣ ሰውን ገደል የሚከት አንድ ልማድ አለ። አደጋው ሲደርስ ባለንብረቱ ስልክ ይደውላል፤ «ረዳቱ ነበር የነዳው በል፤ እሱ ልጅ ነው፣ ይቀልለታል» ይላል። ረዳቱ መንጃ ፈቃድ የለውም፤ አንድ ወር ጨርሶ ደመወዝ አልተከፈለውም፤ ደግሞም ይፈራል። እሺ ይላል። ከዚያ ተሳፋሪዎቹ ይመሰክራሉ፣ ውሸቱ ይፈርሳል፣ አንድ ክስ የነበረው ሦስት ክስ ይሆናል፤ ሹፌሩም የጸጸት ማቅለያውን ያጣል። ረዳቶች ሆይ፣ እናንተን በተለይ ነው የምለው፦ በዚህ ስምምነት ከእናንተ በላይ የሚጎዳ የለም፤ «ቤተሰብህን እኛ እንረዳለን» የሚለው ቃል ከወር በላይ ሲቆይ አላየሁም። ሸሽቶ መሰወርም እንዲሁ ነው። ተጎጂውን ራሱ ወደ ጤና ጣቢያ ያደረሰ ሹፌርና ጥሎት የሄደ ሹፌር አንድ ዓይነት ቅጣት አይጠብቃቸውም። ሕጉ ተጎጂን መርዳትን፣ ጥፋትን ማመንንና ጉዳትን መካስን በማቅለያነት በግልጽ ይቀበላል። ሕዝቡ ይመታኛል ብሎ የፈራ ሹፌር በቀጥታ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይንዳ እንጂ ወደ ባሕር ዳር አይንዳ።

ካሳ ስል ሽምግልናው መጣ። ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ሰው የሞተበት ጉዳይ በፍርድ ቤት ብቻ አያልቅም፤ ሽማግሌ ይላካል፣ ካህናት መስቀል ይዘው ይሄዳሉ፣ ደም ይደርቃል። ይህ ባህል ስንት ቂም እንዳስቀረ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ነገር ግን ሁለት ነገር ይምታታል። የመጀመሪያው፣ ዕርቁ የሞት ክስን አይዘጋም። በግል አቤቱታ ብቻ በሚያስቀጣ ቀላል ጉዳይ ላይ አቤቱታው ቢነሳ ክሱ ሊቀር ይችላል፤ የሰው ሕይወት ሲጠፋ ግን ከሳሹ መንግሥት ነው። ዕርቁ የሚያገለግለው ቅጣት ሲለካ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ቀርበው ቢመሰክሩ፣ ካሳው መከፈሉ በወረቀት ቢታይ፣ ዳኛው ይመዝነዋል።

ሁለተኛው ወረቀቱ ነው። ከሟች ልጆች አጎት ጋር ተስማምቶ 200,000 ብር የከፈለ ባለንብረት፣ ከዓመት በኋላ የሟች ሚስት ለልጆቿ ብላ የፍትሐ ብሔር ክስ ስታቀርብበት «ታርቀናል» ይላል። አጎት ስለ ልጆቹ ለመፈረም ሥልጣን ከሌለው ዕርቁ ልጆቹን አያስራቸውም። ማን እንደፈረመ፣ ስለ ማን እንደፈረመ፣ ምን ያህል እንደተከፈለና ምን እንደሚቀር ይጻፍ። ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ካሉ በሞግዚታቸው በኩል ይሁን። የካሳ ክስ የሚቀርብበት ጊዜ በመርሕ ደረጃ ጉዳቱ ከደረሰበት አንስቶ 2 ዓመት ነው።

ይህን ያልኩት ባለንብረቶች እንድትሰሙኝ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት፣ ጥፋት ባይኖርበትም፣ ያልፈቀደለት ሰው ቢነዳውም እንኳ፣ ኃላፊ ያደርገዋል። ሹፌሩ በወንጀል ነጻ ቢወጣም አንቀጽ 2149 የካሳ ክሱን አያስቀረውም። ኢንሹራንስ አለኝ ትሉ ይሆናል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ለአንድ ሟች ያስቀመጠው ጣሪያ 40,000 ብር ነበር፤ በሟቹ ጉልበት ለሚተዳደሩ ልጆች ከሚጠየቀው ካሳ ጋር ስታስተያዩት የትም አይደርስም፤ ቀሪው ወደ እናንተ ይመጣል። ሹፌሩ ጠጥቶ ባደረሰው አደጋ መድን ሰጪው ለተጎጂው ከከፈለ በኋላ ገንዘቡን ከእናንተ ወገን ለማስመለስ ሊመጣ ይችላል። የሙሉ ሽፋን ውሎችም ሹፌሩ ሰክሮ ለደረሰ ጉዳት እንደማይከፍሉ የሚገልጽ ሐረግ መያዛቸው የተለመደ ነው። ውሉን ከመሳቢያ አውጥታችሁ ዛሬ ማታ አንብቡት።

ይህን እያወቀ፣ ባለፈው ዓመት ጠጥቶ ሲነዳ የተቀጣውን ሹፌር «ጎበዝ ነው፣ መንገዱን ያውቃል» ብሎ ያው መኪና ላይ ያስቀመጠ ባለንብረት፣ ቤቱን በዚያ ሹፌር ላይ አስይዟል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ ሰክሮ ሥራ ላይ መገኘትን ይከለክላል፤ ስለዚህ እርምጃ ለመውሰድ አደጋ መጠበቅ የለባችሁም። ማስጠንቀቂያውን በጽሑፍ ስጡ። አሸዋ ላይ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ፍርድ ቤት አይቀርብም።

  

የእኛ ሕግ የለውም ያልኩት የሁለተኛ ጊዜ አንቀጽ ሌላ አገር አለ፤ ዘመድ አሜሪካ ያላችሁ ይህንን ንገሯቸው። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በቨርጂኒያ ግዛት በ5 ዓመት ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ጠጥቶ ሲነዳ የተፈረደበት ሰው፣ ማንንም ሳይነካ፣ ዳኛው ሊያስቀርለት የማይችል 20 ቀን እስር አለበት፤ መንጃ ፈቃዱም ለ3 ዓመት ይሄዳል። በ10 ዓመት ውስጥ ሦስተኛ ከሆነ ከባድ ወንጀል ነው። በብዙ ግዛቶችም ፈቃዱን መልሶ ሲያገኝ መኪናው ላይ የትንፋሽ መለኪያ ይገጠምበታል፤ ካልነፋበት ሞተሩ አይነሳም። እዚያ ድግግሞሹን ሕጉ ራሱ ቆጥሮ ይጠብቃል። እኛ ዘንድ የሚቆጥረው ዓቃቤ ሕጉ ነው፤ ቆጠራውም የሚመጣው ብዙ ጊዜ ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ደም ሳይፈስ በሁለተኛው ቀን የሚያቆም ሕግ ቢኖረን ለሹፌሩም ይበጀው ነበር እላለሁ፤ ከ15 ዓመት ጽኑ እስራት 20 ቀን ይሻላልና።

ፍርዱ ከተሰጠ በኋላስ? ከወረዳ ፍርድ ቤት የወጣ የጥፋተኝነት ፍርድ ይግባኙ የሚቀርበው ፍኖተ ሰላም ላለው ለምዕራብ ጎጃም ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። በ1954ቱ ሥነ ሥርዓት ሕግ የይግባኝ ማስታወቂያው በ15 ቀን ውስጥ መግባት አለበት፤ የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ማመልከቻው በ30 ቀን ውስጥ። ቤተሰብ ስንቅ እያመላለሰ ቀኑ ሲያልፍበት አይቻለሁ። ይግባኙ «አልሰከርኩም» ብሎ መድገም የለበትም። የተጠቀሰው ንዑስ አንቀጽ ከተረጋገጠው ፍሬ ነገር ጋር አይገናኝም፣ ማቅለያው በቁጥር አልተያዘም፣ ደጋጋሚነት ያለ አንቀጽ ተጠቅሷል፣ የመኪናው ምርመራ ታልፏል፤ እንዲህ ያለው ነው ሚዛን የሚደፋው።

ቅጣቱን ጨርሶ የወጣ ሰውም በር አልተዘጋበትም። የወንጀል ሕጉ መሰየም የሚባል ሥርዓት አለው፤ የተወሰነ ጊዜ በመልካም ጠባይ የቆየ ሰው መዝገቡ እንዲሰረዝለት ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይችላል። የሚያመለክቱት ግን ጥቂት ናቸው፤ የሚነግራቸው የለም። ከእስር ወጥታችሁ ዳግመኛ መሪ ለመጨበጥ የምታስቡ ካላችሁ የፍርዱን ግልባጭ፣ ከእስር የተፈታችሁበትን ወረቀትና የካሳ ክፍያውን ደረሰኝ አንድ ላይ አስቀምጡ፤ ማመልከቻው የሚጻፈው ከእነሱ ነው።

እዚህ ላይ ላቁም። ባለንብረቶች ስለ ኢንሹራንሱ፣ ረዳቶች ስለ ምስክርነቱ የምትጠይቁት እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ከረዳቶቹ እንጀምር።